ኮሌስትሮሉ ወዴት ሄደ? የረጋ ወተት ባክቴሪያዎች ስለሚመረጡበት ሥርዓት የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



እርጎ አዘውትሮ የጠጣ ሰው ደሙ ከስብ ይጠራል የሚለው ነገር ከጎረቤት ወግ አልፎ በማስታወቂያም በሐኪም ደጃፍም የሚሰማ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ቃል ውስጥ እውነቱ የቱ ድረስ እንደ ሆነና ከየት ወዲያ ያለው ደግሞ የነጋዴ ጭማሪ እንደ ሆነ ለመለየት የሚሻ ሰው፣ አስቀድሞ ሊቃውንት እነዚህን ረቂቃን ተሕዋስያን በምን ዓይነት ፈተና እንደሚመርጡአቸው ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ስለዚህ ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት እርጎን ለማወደስ አይደለም፤ ለማዋረድም አይደለም። ከብዙ ሺህ የወተት አሲድ ባክቴሪያዎች መካከል ኮሌስትሮልን ይቀንሳል የሚባለው አንድ ዘር እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ፣ በፍለጋውም መካከል የሙከራ ብልቃጥ አዋቂዎችን እንኳ እንዴት እንዳሳታቸው ለመናገር ነው።

የነገሩ ታሪክ የሚጀምረው ከጎረቤቶቻችን ከማሳይ ከብት አርቢዎች ነው። እነዚህ ሰዎች አብዛኛው ምግባቸው ወተትና ሥጋ ሆኖ ሳለ በደማቸው ውስጥ የሚገኘው ኮሌስትሮል ዝቅተኛ መሆኑ ጆርጅ ማን የተባለውን አሜሪካዊ ሐኪም ሲያስደንቀው ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ከአንድ ባልደረባው ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ያልጠበቀውን ነገር ለመመስከር ተገደደ። የሄደበት ጉዳይ ስለ ወተት አልነበረም፤ ስብን ከውኃ ጋር የሚያዋሕድ አንድ ኬሚካል የደምን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርግ እንደ ሆነ ለመፈተን ነበር። ኬሚካሉን የተቀበሉትም ያልተቀበሉትም ማሳዮች በዚያ ሰሞን ላክቶባሲለስ በተባለ የወተት አሲድ ባክቴሪያ የረጋ ወተት በብዛት ይጠጡ ስለ ነበር፣ ሁለቱም ወገኖች ክብደት ሲጨምሩ የሁለቱም ኮሌስትሮል ወረደ። ሰው ሲወፍር ኮሌስትሮሉ ይጨምራል ብሎ ለሚያምን ሐኪም ይህ እንቆቅልሽ ነበር፤ ጆርጅ ማንም ምክንያቱን ከኬሚካሉ ላይ አንሥቶ በረጋው ወተት ላይ ጣለው። የምርምሩ በር የተከፈተው እንግዲህ ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው፤ በሳይንስ ታሪክ ይህ ብርቅ አይደለም።

ወደ ባክቴሪያዎቹ ከመሄዳችን በፊት ስለ ኮሌስትሮል ራሱ ጥቂት ልበል። ኮሌስትሮል በባሕርዩ ክፉ ነገር አይደለም፤ የእያንዳንዱ ሕዋሳችን ሽፋን ያለ እርሱ አይጸናም፣ ጉበትም ሐሞትን የሚሠራው ከእርሱ ነው። ሐሞት በስብ ላይ የሚፈጽመው ሥራ እንዶድ በሸማ እድፍ ላይ ከሚፈጽመው ጋር አንድ ነው፤ ውኃ የማይቀበለውን ቅባት እየበታተነ በውኃ ውስጥ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል። ከኮሌስትሮል የተሠራው የሐሞት አሲድ ግላይሲን ወይም ታውሪን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተጣምሮ፣ የሐሞት ጨው ሆኖ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርድና አገልግሎቱን ከፈጸመ በኋላ ከመቶው 95 ያህሉ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ተመጥጦ ወደ ጉበት ይመለሳል፤ ይህንም ዙረት በየቀኑ ብዙ ጊዜ ይደጋግማል። ከዚህ ዙረት አምልጦ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው በቀን ግማሽ ግራም ቢሆን ነው፤ ጉበትም የጎደለውን ለመተካት ከኮሌስትሮል አዲስ ሐሞት ይሠራል። እንግዲህ የሚወጣውን ሐሞት ማብዛት የቻለ ሰው ጉበት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል እንዲስብ አስገደደው ማለት ነው። ይህ መላ ምት ብቻ አይደለም። ኮለስቲራሚን የተባለ፣ የሐሞት አሲድን በአንጀት ውስጥ ይዞ የሚያስወጣ ሙጫ መሰል መድኃኒት ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ 3,806 ወንዶችን በሁለት ከፍሎ ከሰባት ዓመት በላይ በተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ተፈትኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው ውጤት መሠረት የልብ ደም ሥር ሕመምን አደጋ በ19 በመቶ ቀንሶ ተገኝቶአል።

ከወተት አሲድ ባክቴሪያዎች መካከል አያሌዎቹ የሐሞትን ጨው ከግላይሲንና ከታውሪን የሚያፋታ ኢንዛይም አላቸው። የተፋታው የሐሞት አሲድ ከውኃ ጋር ያለው ስምምነት የላላ፣ ተመጥጦ ለመመለስም የደከመ ስለ ሆነ ከዓይነ ምድር ጋር የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። አንደኛው ተስፋ ይህ ነው። ሁለተኛው ተስፋ ደግሞ ባክቴሪያው ራሱ ኮሌስትሮሉን ወደ ሰውነቱ ወስዶ ይዞት ይወጣል የሚል ነው። ሁለቱ ተስፋዎች በመጽሐፍ ላይ ሲነበቡ የተለያዩ ቢሆኑም በብልቃጥ ውስጥ ግን አንዱ ሌላውን መስሎ ይታያል፤ ብዙ ዓመት የፈጀው ክርክርም የመጣው ከዚህ መመሳሰል ነው።

ምርጫው የሚጀምረው ከመሰብሰብ ነው። ተመራማሪው ከረጋ ወተት፣ ከቦካ ሊጥ፣ ከሕፃናት ዓይነ ምድር ወይም ከእንስሳት አንጀት ናሙና ወስዶ፣ ደ ማን፣ ሮጎሳና ሻርፕ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1960 ባዘጋጁትና እስከ ዛሬ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ኤም.አር.ኤስ. እየተባለ በሚጠራው ምግብ ላይ ይዘራዋል። በ37 ዲግሪ ሙቀት ሁለት ቀን ያህል ሲቆይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ከአንዲት ሕዋስ የተወለደ ትውልድ ነውና አንዱን ነጠብጣብ ለይቶ ማሳደግ አንዱን ዘር ለይቶ ማሳደግ ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ፈተናዎች ኮሌስትሮልን አይጠይቁም፤ መኖርንና መሞትን ብቻ ይጠይቃሉ። ዘሩን የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 2 ወይም 3 በሆነ አሲድ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት፣ ከዚያም 0.3 በመቶ የበሬ ሐሞት ባለበት ፈሳሽ ውስጥ እንደዚሁ ለሰዓታት አቆይተው ስንቱ በሕይወት እንደ ተረፈ ይቈጥራሉ። በጨጓራ ውስጥ የሚያልቅ ባክቴሪያ በአንጀት ውስጥ ሊሠራ ከታሰበው ሥራ አይደርስምና ብዙው እጩ በዚህ ይቀራል።

በሐሞት ጨው ላይ ያለውን ኃይል ለማየት የሚደረገው ሙከራ ግን ለዓይን የሚያምር ስለ ሆነ ላሳያችሁ። በረጋው ምግብ ውስጥ ታውሮዲኦክሲኮሊክ አሲድ የተባለ የሐሞት ጨው ግማሽ በመቶ ያህል ከጥቂት ካልሲየም ክሎራይድ ጋር ይጨመራል፤ ባክቴሪያው ያረፈበት ትንሽ ክብ ወረቀት በላዩ ይቀመጥና ኦክስጅን በሌለበት ዕቃ ውስጥ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይዘጋበታል። ዕቃው ሲከፈት ኢንዛይሙ በሌለው ዘር ዙሪያ ምግቡ እንደ ቀድሞው ብርሃን ያሳልፋል፤ ኢንዛይሙ ባለው ዘር ዙሪያ ግን የተፋታው የሐሞት አሲድ ረግቶ ወፍራም ነጭ ቀለበት ይሠራል። የቀለበቱ ስፋት በማስመሪያ ይለካል። ያለ ውድ መሣሪያ በማንኛውም መጠነኛ ቤተ ሙከራ የሚሠራ በመሆኑም ብዙ ሀገሮች ይጠቀሙበታል።

ዋናው ክርክር የተነሣበት ፈተና ከዚህ የተለየ ነው። በፈሳሹ ኤም.አር.ኤስ. ውስጥ ሐሞትና መጠኑ የታወቀ ኮሌስትሮል ጨምረው ባክቴሪያውን ያሳድጉበታል፤ በማግሥቱ በሴንትሪፉጅ ሲያዞሩት ሕዋሳቱ በብልቃጡ ሥር ይዘቅጣሉ፣ ከላይ የጠራ ፈሳሽ ይቀራል። ከጠራው ፈሳሽ ጥቂት ወስደው በአልኮልና በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያሞቁታል፣ በሄክሴን ቅባቱን ይለያሉ፣ ሄክሴኑን አትንነው በሚቀረው ላይ ኦርቶፍታልአልዴሃይድ የተባለውን ንጥረ ነገርና ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ሲያንጠባጥቡበት፣ ኮሌስትሮል ካለ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀለም ይወጣል። ቀለሙ በደመቀ መጠን በፈሳሹ ውስጥ የቀረው ኮሌስትሮል ብዙ ነው፤ በፈዘዘ መጠን ደግሞ የጎደለው ብዙ ነው። የጎደለውን ማን ወሰደው ለሚለው ጥያቄ የዚያ ዘመን መልስ አጭር ነበር፤ ባክቴሪያው።

በአሜሪካ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ጊሊላንድ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመው ጥናት በዚህ መንገድ የተመራ ነበር። ከአሳማ ዓይነ ምድር ካወጡአቸው የላክቶባሲለስ አሲዶፊለስ ዘሮች መካከል አር.ፒ.32 የተባለው በብልቃጥ ውስጥ ኮሌስትሮልን ሲያጎድል፣ ፒ.47 የተባለው አላጎደለም። ሁለቱንም ኮሌስትሮል የበዛበት ምግብ ለሚበሉ አሳማዎች ቢያበሉአቸው፣ አር.ፒ.32ን የወሰዱት አሳማዎች የደማቸው ኮሌስትሮል እንደ ሌሎቹ ከፍ ሳይል ቀረ፤ ፒ.47 ግን ያንን አላደረገም። አንድ ዝርያ፣ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ዘሮች እንዲህ መለያየታቸው በዚህ ሙያ ሁሉ ላይ የሚሠራ ቁም ነገር ነው፤ አሲዶፊለስ ይህን ያደርጋል ብሎ በጅምላ መናገር ከዚያን ጊዜ ወዲህ አዋቂ የሚለው ነገር አይደለም።

ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ክላቨርና ቫን ደር ሜር የተባሉ ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ያንኑ አር.ፒ.32ን ወስደው ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። ጊሊላንድ ስንት ኮሌስትሮል ጎደለ ብሎ ነበር፤ እነርሱ የጎደለው ወዴት ሄደ አሉ። ባክቴሪያው ሲያድግ አሲድ ያወጣል፣ የፈሳሹም ፒኤች ከ6 በታች ይወርዳል፤ ኢንዛይሙ ከጥንዱ ያፋታው የሐሞት አሲድ ደግሞ በአሲድ ውስጥ ሟሙቶ መቆየት ስለማይችል ይዘቅጣል፤ ሲዘቅጥም በሐሞት ኃይል ተንሳፍፎ የነበረውን ኮሌስትሮል አብሮ ይዞት ይወርዳል። ሴንትሪፉጁ ሲዞር ሕዋሱም ይህ ዝቃጭም በአንድ ላይ በብልቃጡ ሥር ስለሚከማቹ፣ ከላይ ያለውን ብቻ የሚለካ ሰው ኮሌስትሮሉ በባክቴሪያው ተበላ ብሎ ይጽፋል። ሁለቱ ሰዎች ይህን ያጋለጡት በሚያስቀና ቅለት ነው። በሥር የተከማቸውን ፒኤቹ 7 በሆነ ፈሳሽ ቢያጥቡት ኮሌስትሮሉ ተመልሶ ወጣ፤ ባክቴሪያው ሲያድግ ፒኤቹ በ6 እንዲጸና ቢያደርጉ ደግሞ ከመጀመሪያውም የጎደለ ነገር አልታየም። በትንሹ አንጀት ውስጥ ፒኤቹ ከ6 እስከ 7.5 ባለው መካከል የሚዋዥቅ እንጂ እንደ ብልቃጡ የሚጎመዝዝ አይደለምና፣ በዚያ እንዲህ ያለ ዝቃጭ ይፈጠራል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም።

እኔ በዚህ መስክ ከተጻፉት ሁሉ አንድ ጽሑፍ ብቻ እንዳነብ ቢፈቀድልኝ የምመርጠው ይህንኑ ነው። የአሳማዎቹን ውጤት አላፈረሰም፤ የአሳማዎቹ ደም የተለካ ነገር ነውና። ያፈረሰው ለውጤቱ የተሰጠውን ምክንያት ነው፤ እርሱንም ካፈረሰ በኋላ የሐሞት መፋታት ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል መንገዱን ክፍት ትቶአል። የሚያሳዝነው ግን ዛሬም ቢሆን ፒኤቹን ሳይቆጣጠሩ፣ ዝቃጩን ሳያጥቡ፣ ይህ ዘር ከመቶ ይህን ያህል ኮሌስትሮል አስወገደ እያሉ የሚታተሙ ሠንጠረዦች አለማለቃቸው ነው።

ጊሊላንድም ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ፒኤቹን በ6 አጽንቶ ሌላ የአሲዶፊለስ ዘር ሲያሳድግ፣ ከጎደለው ኮሌስትሮል ከፊሉን በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ አገኘው፤ ኮሌስትሮል ባለበት ያደጉት ሕዋሳት በድምፅ ሞገድ ሲመቱ ከሌሎቹ ይልቅ ሳይሰበሩ መቆየታቸውም ነገሩ በሽፋኑ ላይ እንደ ተደረገ ተጨማሪ ምስክር ሆነ። ይሁን እንጂ ሽፋን ላይ መለጠፍ ሕይወትን አይጠይቅም። ሊዮንግና ሻህ በሜልበርን እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት የሞቱ ሕዋሳትም፣ ከሚያድጉት ያነሰ ቢሆንም፣ ኮሌስትሮልን ከፈሳሹ ያነሣሉ። ስለዚህ በአግባቡ የሚሠራ ተመራማሪ ከሕያው ባክቴሪያው ጎን በሙቀት የተገደለ ያንኑ ባክቴሪያ ለማነጻጸሪያ ያቆማል።

ከብልቃጥ ወደ እንስሳ ሲኬድም ሌላ ወጥመድ አለ። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮሌስትሮል እንዳይሠራ የሚከለክል ነገር ለማግኘት ከስድስት ሺህ በላይ የሻጋታና የመሳሰሉትን ዘሮች መርምሮ፣ ከአንድ የፔኒሲሊየም ሻጋታ የስታቲን መድኃኒቶች ሁሉ በኵር የሆነውን ኮምፓክቲንን ባገኘ ጊዜ፣ መድኃኒቱ በአይጦች ላይ ሲሞከር የደማቸውን ኮሌስትሮል አልቀነሰም። ሥራው በዚያ ሊዘጋ ደርሶ ነበር፤ ያዳነው በእንቁላል ጣይ ዶሮዎችና በውሾች ላይ ያሳየው ፍሬ ነው። ለሙከራው የዋለችው ትልቋ አይጥ (ራት) የሐሞት ከረጢት የላትም፤ በደሟ ውስጥ ያለውም ኮሌስትሮል የሚጓዘው በአብዛኛው የሰው እንደሚጓዝበት መንገድ አይደለም። ለአንድ ባክቴሪያ ዘር በአይጥ ላይ የተገኘ መልካም ወሬ ሲነገራችሁ ይህን ብታስቡ ጥሩ ነው፤ ክፉም ወሬ ሲነገራችሁ እንደዚያው።

በሰው ላይ የተደረጉት ፈተናዎች ደግሞ በአንድ ቃል አይናገሩም። ኤል.1 የተባለው የአሲዶፊለስ ዘር ኮሌስትሮላቸው ከፍ ላለ አሜሪካውያን በረጋ ወተት ሲሰጥ ኮሌስትሮላቸውን ከመቶ 2.9 ያህል ቀንሶ፣ በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ በኔዘርላንድ ለ78 ጤነኞች ሲሰጥ ግን ምንም አላደረገም። ዘሩ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን አንድ አልነበሩም። ከተሻሉት ውጤቶች አንዱ የተገኘው ላክቶባሲለስ ሬውተሪ ኤን.ሲ.አይ.ኤም.ቢ. 30242 ከሚባለው ዘር ነው። ይህ ዘር ሐሞትን በሚያፋታው ኢንዛይሙ ታስቦ የተመረጠ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተሙት ሁለት ጥናቶች መሠረት በእርጎ መልክ ለስድስት ሳምንት ሲወሰድ ክፉ የሚባለውን የኤል.ዲ.ኤል. ኮሌስትሮል ከመቶ 8.9፣ በእንክብል መልክ ለዘጠኝ ሳምንት ሲወሰድ ደግሞ ከመቶ 11.6 ቀንሶአል። የእንክብሉ ጥናት ሊቃውንት በአኃዙ ብቻ አልረኩም። ከአትክልት ብቻ የሚመጡ፣ ሰውነታችን ፈጽሞ የማይሠራቸው የኮሌስትሮል ዘመዶች አሉ፤ በደም ውስጥ መጠናቸው ከወረደ ምክንያቱ አንጀት መምጠጡን ስለ ቀነሰ እንጂ ጉበት ማምረቱን ስለ ቀነሰ ሊሆን አይችልም። እነዚህን ለክተው ወርደው አገኙአቸው፤ የተፋታውም የሐሞት አሲድ በደም ውስጥ ጨምሮ ነበር። ኮሌስትሮሉ ወዴት ሄደ ለሚለው ጥያቄ ከሕያው ሰው ደም የተገኘ መልስ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ መገኘቱ ብዙ ጊዜ አይደለም።

ይሁን እንጂ 11.6 በመቶ 11.6 በመቶ ነው። ስታቲን ኤል.ዲ.ኤልን ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳልና፣ ሐኪም ክኒን ያዘዘለት ሰው እርጎ ጀመርሁ ብሎ ክኒኑን ቢተው ልውውጡ አያዋጣውም። በሐሞቱ መፋታት በኩል የሚነሣ ሌላ ሥጋትም አለ፤ የተፋታው አሲድ ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ በዚያ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ለአንጀት ግድግዳ ወደማይስማማ ዓይነት ሊለውጡት ይችላሉና፣ ጠንቃቃ ተመራማሪ የሚመርጠው ዘር ራሱ ይህን ለውጥ የማያደርግ መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጣል። የወተት አሲድ ባክቴሪያዎች በጠቅላላው በዚህ አይከሰሱም።

ስለ ሀገራችን ሳልናገር ብወርድ ትቀየሙኛላችሁ። የእኛ እርጎ በወይራ ጭስ በታጠነ ቅል ወይም ማሰሮ ውስጥ፣ ከውጭ እርሾ ሳይጨመርበት በራሱ የሚረጋ ስለ ሆነ፣ የአንዱ ቤት እርጎ ባክቴሪያ ከጎረቤቱ ይለያል፤ የአንዱም ሳምንት ከሌላው ሳምንት። ስለዚህ የኢትዮጵያ እርጎ ኮሌስትሮልን ይቀንሳል ወይም አይቀንስም ብሎ መፍረድ፣ ባክቴሪያው ያልታወቀ ምግብ ላይ መፍረድ ነው። እንጀራና ቆጮም ቢሆኑ የቦኩ ናቸው፤ ነገር ግን በሊጡ ውስጥ በሚሊዮን የሚቈጠረው ባክቴሪያ ምጣዱ ላይ ያልቃል፣ በሕይወት ወደ አንጀት የሚደርስ የለም። በጾም ወራት ደግሞ እርጎው ራሱ ከገበታ ይነሣል። ይህ ሁሉ ግን እርጎውም ሊጡም የዘር ምንጭ ከመሆን አያግዳቸውም፤ የሀገራችን ተመራማሪዎችም ከእርጎ፣ ከጤፍ ሊጥና ከቆጮ ያወጡአቸውን ባክቴሪያዎች በአሲድና በሐሞት ሲፈትኑ ቆይተዋል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ነገር ትዕግሥት ያለው መዝገብ ነው። የሬውተሪው ዘር ከስሙ በኋላ የሚከተለው ቁጥር በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ከተማ የሚገኘው የባክቴሪያ ማኅደር የሰጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሊቃውንት የላክቶባሲለስን ወገን ለ25 ወገኖች ሲከፋፍሉት ሬውተሪም ሊሞሲላክቶባሲለስ ተብሎ ስሙ ተለወጠ፤ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም። ከአንድ የገጠር ቅል የወጣች ሕዋስም እንዲሁ በግሊሰሮል ውስጥ ሆና ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ ቅዝቃዜ ትቀመጣለች፤ የተወሰደችበት ቦታና ቀን ይጻፍላታል፣ ዘረ መሏ ይነበባል፣ ቁጥር ይሰጣታል፤ ከዚያ በኋላ ከሌላ ከተማ ወይም ከሌላ ሀገር ውጤቱን የተጠራጠረ ተመራማሪ ቢጽፍ፣ በዚያው ቁጥር ያችኑ ዘር በብልቃጥ አሽገው ይልኩለታል።